ሠዓሊ ካለበት ሳይነቀል

ከትልልቅ ከተሞች ርቆ የሚሠራ ሠዓሊ ሁሉ የሚሰማው አንድ ምክር አለ። «እዚህ ተቀምጠህ የትም አትደርስም፤ ጓዝህን ጠቅልለህ ውጣ» ይሉታል። ገዢው እዚያ ነው። ሃያሲው እዚያ ነው። ጋዜጠኛውም፣ ትልቁ ሙዚየምም እዚያ ነው። መካሪዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ካዩት ተነሥተው ነው። እኔን ግን ይህ ምክር በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። ሰውየው ተው የሚባለው ቤቱን ብቻ አይደለማ፤ የሚሥለውንም ነገር ነው። ያደገበትን ብርሃን፣ የሚመላለስበትን መንገድ፣ የሚያውቃቸውን ፊቶች ትቶ ሄዶ ምን ሊሥል ነው?

ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ምክር መልስ ስለሚሆኑ ቦታዎች ነው። በየአካባቢው የሚሠሩ የዘመኑን ሠዓሊዎች ለማገዝ የተከፈቱ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ትንንሽ ጋለሪዎችን ማለቴ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ አንድ ጋለሪ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። ሥዕል ሲሰቀልም ሲወርድም እገኛለሁ፤ በር ላይ ቆሜ ጎብኚ እቀበላለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሲመጣ ደግሞ እከራከራለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አቋም ይዣለሁ። የእንዲህ ያለ ቦታ ዋና ሥራው ሠዓሊው ካለበት ሳይነቀል ሙያውን ይዞ እንዲኖር ማድረግ ነው። የመክፈቻው ምሽት፣ ፎቶው፣ ንግግሩ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እናውራ፤ ብዙ ሰው ግር የሚለው እዚህ ጋ ነው። የንግድ ጋለሪ አሠራሩ ግልጽ ነው። ሥዕል ይሸጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጩ ግማሹን ይወስዳል፣ ግማሹ የሠዓሊው ነው። ይህ ዘረፋ አይደለም። ጥሩ የንግድ ጋለሪ ለሠዓሊው ገዢ ይፈልግለታል፣ ዋጋውን ያስከብርለታል፣ ለዓመታት አብሮት ይቆያል። ነገር ግን ኪራይ በየወሩ ይመጣል፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ነገር የሚሸጥ መሆን አለበት። ክፍሉን ሙሉ የያዘ የአፈር ክምር ማን ይገዛል? የ40 ደቂቃ ቪዲዮ፣ ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ አብሮ የሚፈርስ ሥራ፣ ገና ማንም የማያውቀው ልጅ የመጀመሪያ ሥዕሎችስ?

ለትርፍ ያልተቋቋመ ማለት ግን ምንም አይሸጥም ማለት አይደለም። ሁሉም ሰው በነፃ ይሠራል ማለትም አይደለም። ሥዕል ሊሸጥ ይችላል፤ ብዙዎቹ ከንግድ ጋለሪው ያነሰ ኮሚሽን ይወስዳሉ፣ ጭራሽ የማይወስዱም አሉ። ልዩነቱ ከወጪ የተረፈ ገንዘብ ቢኖር የማንም ኪስ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ቦርድ አለ፣ የተጻፈ ዓላማ አለ፣ የተረፈው ወደ ዓላማው ይመለሳል። በዚህ የተነሣ አንድ ኤግዚቢሽን አንዲት ሥዕል ሳይሸጥ «ጥሩ ነበር» ሊባል ይችላል። ትንሽ ትመስላለች እንጂ ይህች ነፃነት ምን ዓይነት ሥራ ይታያል፣ የማን ሥራ ይታያል የሚለውን ነገር ሁሉ ትለውጠዋለች።

በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው ሥዕል በሚሰቀልበት ቀን ይምጣ። ክፍሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። የባለፈው ኤግዚቢሽን የሚስማር ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነው፣ ሲደርቁ ተፍቀው፣ እንደገና ነጭ ተቀብተዋል። ሥዕሎቹ ሲደርሱ ዘሎ መስቀል የለም። መጠቅለያው ይፈታል፣ እያንዳንዱ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ይነሣል፣ ጭረት ወይም የተሰነጠቀ ቀለም ካለ ይመዘገባል። ኋላ ሥዕሉ ሲመለስ አዲስ ጉዳት ቢገኝ ጥፋቱ የት እንደደረሰ የሚታወቀው በዚያ ወረቀት ነው። ከዚያ ሁሉም ወለሉ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ይደረደራሉ። ክርክሩም ይጀመራል። ይህ ከዚያ አጠገብ ይሁን፤ አይ፣ አይስማሙም፤ ትልቁን ወደ ጥግ አትውሰደው፤ ይህቺን ብቻዋን እንተዋት። ግማሽ ቀን በዚህ ያልቃል። ሲወሰን የእያንዳንዱ ሥዕል መሃል ከወለሉ 1.45 ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ ይለካል፤ የቆመ ሰው ዓይን በግምት እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። በውኃ ልክ ይታያል። መጨረሻ ላይ መብራት ይስተካከላል። ለወረቀት ሥራና ለውኃ ቀለም 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው የሚመከረው፤ ከዚያ ካለፈ ብርሃኑ ቀለሙን ቀስ እያለ ይበላዋል። የዘይት ቀለም ሻል ይላል፣ 200 ሉክስ ድረስ ይችላል።

እንዲህ ባለ አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ሠዓሊዋ የምትሠራው በምትተኛበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ትልቁን ሥዕሏን ሰቅለን ስንጨርስ ወደ ኋላ ሄደች፣ አሁንም ሄደች፣ ጀርባዋ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር እስኪገናኝ። ሥዕሉን ከሁለት ሜትር በላይ ርቃ አይታው አታውቅም ነበር። ብዙ ቆይታ «ታች በግራ በኩል ያለው ጥላ ልክ አይደለም» አለች። ማናችንም አላስተዋልነውም ነበር፤ ስታሳየን ግን ግልጽ ነው፣ ብርሃኑ ከላይ ከቀኝ እየመጣ ጥላው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሠራቻቸው ሥዕሎች ሁሉ ከዚያች ቅጽበት የተነሡ ናቸው፤ ራሷም እንደዚያ ነው የምትለው። ሰፊ ክፍልና ያልተጣደፈ ቀን ተሰጣት፣ የቀረውን ዓይኗ ሠራው። አንድ ሠዓሊ ለዚህ ብሎ ሌላ ከተማ መሰደድ አልነበረበትም።

እዚያው ሆኖ የመሥራት ሐሳብ ረጅም ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ለንደን የምትባል ከተማ አለች፣ ከቶሮንቶ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ። ግሬግ ከርኖ የዚያች ከተማ ልጅ ነው። ቶሮንቶ ሄዶ ሥነ ጥበብ ተማረ፤ ትምህርቱ አልሆነለትም፤ በ1960 ወደ ከተማው ተመለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። እሱ ግን ጓደኞቹን ሣለ፣ ብስክሌቱን ሣለ፣ ከስቱዲዮው መስኮት የሚታየውን ቪክቶሪያ ሆስፒታል ደጋግሞ ሠራው። የተወለደውም እዚያው ሆስፒታል ነው። በአንዱ ሥራው ከመስኮቱ የሚያየውን ነገር በቀለም በመሣል ፈንታ በፊደል ማኅተም ሸራው ላይ በቃላት አተመው፤ ከዚያ በላይ ካለበት ቦታ ጋር የተጣበቀ ሥራ ማሰብ ይከብደኛል።

ከርኖና ጓደኞቹ ቦታ እስኪሰጣቸው አልጠበቁም። በ1962 ሪጅን የሚባል ጋለሪ ከፈቱ፤ የሚያስተዳድሩትም ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በ1966 ደግሞ 20/20 የሚባል፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ጋለሪ ተከተለ። እሱም ሲዘጋ በ1973 ፎረስት ሲቲ ጋለሪ መጣ፤ ይህኛው ዛሬም ይሠራል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተነሣ ማለት ነው። በዚህ መሃል በ1968 የካናዳ ብሔራዊ ጋለሪ የዚያችን ከተማ ሠዓሊዎች ሥራ ሰብስቦ «የለንደን ልብ» በሚል ርእስ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ዋናው ከተማ ተነሥቶ ወደ እነሱ መጣ።

እዚያችው ለንደን ውስጥ ጃክ ቼምበርስም ነበር። ስፔን ለዓመታት ኖሮ የተመለሰ፣ ወደ ከተማው የሚያስገባውን 401 ቁጥር አውራ ጎዳና በፎቶ ያህል ጥራት የሣለ ሰው። በ1967 ብሔራዊ ጋለሪው የሥዕሎቹን ቅጂ ያለ ክፍያ ለማባዛት ፈቃድ ሲጠይቀው አይሆንም አለ። ለብቻው እምቢ ብሎ አልተቀመጠም፤ ለሌሎች ሠዓሊዎች ጻፈ፣ ተሰባሰቡ፣ በ1968 ካርፋክ የሚባለው የሠዓሊዎች ማኅበር ተመሠረተ። የማኅበሩ ጥያቄ ቀላል ነበር። ሙዚቀኛ መድረክ ላይ ሲጫወት ይከፈለዋል፤ ታዲያ ሕዝብ ለማየት የሚመጣበትን ሥዕል ያቀረበው ሠዓሊ ለምን አይከፈለውም? በ1975 ካናዳ ለኤግዚቢሽን ክፍያ በመክፈል የመጀመሪያዋ አገር ሆነች፤ መንግሥታዊ ድጎማ የሚፈልግ ጋለሪ ለሠዓሊው መክፈል ግድ ሆነበት። በ1988 ደግሞ ሥራን ለሕዝብ የማሳየት መብት በቅጂ መብት ሕጉ ውስጥ ገባ። ይህ ሁሉ ከዋና ከተማ አልተነሣም። ከአንዲት መካከለኛ ከተማ፣ ወደ ከተማቸው ተመልሰው ከሠሩ ሠዓሊዎች ነው የተነሣው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የሚያንገበግበኝ ነገር ስለሆነ ነው።

ጋለሪ ውስጥ መብራቱን የሚያስተካክለው ኤሌክትሪሺያን ይከፈለዋል። ፖስተሩን ያተመው ማተሚያ ቤት ይከፈለዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ይከፈላታል፤ ይገባታልም። ሥራ አስኪያጁ ደመወዝ አለው። እነዚህ ሁሉ የተሰበሰቡበትን ነገር የሠራው ሰው ግን «ስምህ ይታወቅልሃል» ይባላል። ስም የቀለም ዕዳ አይከፍልም። ይህን የምለው ስለ ክፉ ሰዎች አይደለም፤ ብዙዎቹ ከልባቸው ጥበብን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። በጀት ሲሠራ ግን የሠዓሊው ክፍያ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፣ ገንዘብ ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። በ2008 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመው ዌጅ የተባለ የሠዓሊዎች ቡድን ይህንኑ ጉዳይ በቁጥር አሳይቷል። በከተማዋ ለትርፍ ባልተቋቋሙ ቦታዎች ሥራቸውን ያሳዩ ሠዓሊዎችን ሲጠይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምንም ዓይነት ክፍያ አላገኙም፤ የወጪ መተኪያ እንኳ። ኒውዮርክ ነው ያልኩት! ገንዘብ የሌለበት መንደር አይደለም። ከ2014 ጀምሮ ቡድኑ በአግባቡ ለሚከፍሉ ጋለሪዎች ማረጋገጫ ይሰጣል፣ የክፍያው መጠንም ከጋለሪው ዓመታዊ ወጪ ጋር ይመዛዘናል። ትንሽ ጋለሪ ትንሽ፣ ትልቅ ጋለሪ ብዙ። «እኛ ድሃ ነን፣ አንችልም» ለሚለው ሰበብ ይህ በቂ መልስ ነው።

ስብሰባ ላይ የምከራከረው ለዚህ ነው። በጀት ሲሠራ የሠዓሊው ክፍያ አንደኛው መስመር ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የቀረው ገንዘብ ስንት ኤግዚቢሽን እንደሚያሠራ እንይ። በዓመት ስምንት በነፃ ከሚሠሩ አራት የተከፈለባቸው ይሻሉኛል። አንዳንዱ ሰው በዚህ አይስማማም፤ ብዙ ሠዓሊ ዕድል ያግኝ ይላል። ይገባኛል። ግን ሠዓሊው ለመጓጓዣ፣ ለፍሬም፣ ለቀለም ከኪሱ አውጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስበት ዕድል በሁለተኛው ዓመት ወደዚያው «ጓዝህን ጠቅልለህ ውጣ» ይወስደዋል። ወይም ጭራሽ መሣሉን ያስተወዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ቡፋሎ ልውሰዳችሁ። ከኒውዮርክ ከተማ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ በብረት ሥራና በፋብሪካ የኖረች ከተማ ናት። በ1974 ጥቂት ወጣቶች በአንድ የቀድሞ የበረዶ ማከማቻ ሕንጻ ውስጥ ስቱዲዮ ነበራቸው። በስቱዲዮዎቹ መካከል ያለውን ኮሪደር ግድግዳ ሥዕል መስቀያ አደረጉት፤ ሆልዎልስ የሚባለው ቦታ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሮበርት ሎንጎ፣ ቻርልስ ክሎፍና ሲንዲ ሸርማን ከእነሱ መካከል ነበሩ። ሸርማን ያን ጊዜ ተማሪ ነበረች። ሎንጎና ሸርማን በ1977 ኒውዮርክ ገቡ፣ ዓለም ያወቃቸውም ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ይሄዱ የለም እንዴ፣ እስካሁን ያልከው ምን ሆነ የሚለኝ ሰው ይኖራል። አዎ፣ የሚሄድ ይሄዳል። መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ ማንም ሰው በግድ አይቆይ። ሁለቱ ግን የሄዱት ባዶ እጃቸውን አልነበረም፤ ቡፋሎ ላይ ሠርተው፣ አሳይተው፣ ተከራክረው፣ ከሌላ ቦታ ሠዓሊዎችን ጋብዘው ሰምተው ነው። ሆልዎልስ ደግሞ እነሱ ከሄዱ በኋላ አልተዘጋም። ከ50 ዓመት በኋላም ቡፋሎ ውስጥ አለ፣ አሁንም የዚያን አካባቢ ሠዓሊዎች ያሳያል። ለእኔ ትልቁ ስኬት ይህ ነው፤ ዝነኞቹን ማፍራቱ ሳይሆን ዝነኞቹ ከሄዱም በኋላ ለቀሩት መቆየቱ። ሌላም የምወድለት ነገር አለ። የአካባቢው ብቻ ብሎ በር አልዘጋም። የውጭ ሠዓሊ መጥቶ ሲያሳይ የአካባቢው ልጅ ከማን ጋር እየተነጋገረ እንደሚሠራ ያውቃል። የራሳችንን ብቻ እናሳይ የሚል ጋለሪ ሠዓሊዎቹን ያቀፈ ይመስለዋል እንጂ አየር እያሳጣቸው ነው።

ጋና ውስጥ ያለው ምሳሌ ደግሞ በአቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ኢብራሂም ማሃማ በ1987 ታማሌ ተወለደ። ታማሌ በሰሜን ጋና ያለች ከተማ ናት፤ ከአክራ ርቀቷ በመንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ማሃማ ያረጁ የጆንያ ከረጢቶችን ሰፍቶ ትልልቅ ሕንጻዎችን በመሸፈን ይታወቃል፤ በ2015 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ ዓለም አቀፍ የጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ሲያሳይ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በርሊን ወይም የእንግሊዟ ለንደን ተቀምጦ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ከሥራዎቹ ሽያጭ ያገኘውን ይዞ ታማሌ ላይ በ2019 የሳቫና የዘመናዊ ጥበብ ማዕከልን ከፈተ። ቀጥሎም ሬድ ክሌይ የሚባለውን ሰፊ ስቱዲዮ። እዚያ ያረጁ አውሮፕላኖች ተገዝተው መጥተው ሜዳ ላይ ቆመዋል፣ ልጆች ይማሩባቸዋል።

ስለ ታማሌው ማዕከል የምወደው ሕንጻውን ብቻ አይደለም። ሲከፈት የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን የማን ሆነ? የማሃማ የራሱ ሊሆን ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም። የጋሌ ዊንስተን ኮፊ ዶውሰን ሆነ። በ1940 የተወለደ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሥል የኖረ፣ ከሥራው ብዛት አንጻር ግን የሚገባውን ያህል ያልታየ አንጋፋ ሠዓሊ ነው። ወጣቱ ባለ ስም ከፍቶ አረጋዊውን አስቀደመ። ይህን ነገር ብዙ ጋለሪዎች ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል። ድጋፍ ሲባል ሁሉም ወደ ወጣት ይሮጣል፤ «ከ35 ዓመት በታች» የሚል ማስታወቂያ የትም አለ። በ35 ዓመቷ ልጅ የምታሳድግ፣ በ50 ዓመቷ ወደ ሸራዋ የተመለሰች ሴት የትኛውን ማስታወቂያ ታሟላለች? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሥል የኖረና አንድም ጊዜ ሙሉ ኤግዚቢሽን ያላገኘ ሰው በየአካባቢው አለ። በሩን አንኳኩተው ሥዕሎቹን ከአልጋ ሥር ማውጣት የሚችሉት እነዚህ ትንንሽ ጋለሪዎች ብቻ ናቸው። የሩቁ ተቋም ስሙንም አያውቀውም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከመንግሥት ድጎማ፣ ከፋውንዴሽን፣ ከግለሰብ ልገሳ፣ ከሽያጭ ኮሚሽን፣ ከአባልነት መዋጮ። ከሁሉም የምወደው የመጨረሻውን ነው። ጀርመኖች በዚህ በኩል ብዙ ዘመን ቀድመዋል። የሐምቡርጉ የጥበብ ማኅበር የተመሠረተው በ1817 ነው። የከተማው ነዋሪዎች በየዓመቱ መዋጮ ያዋጡ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ማኅበራት በዚያ ገንዘብ በሕይወት ካሉ ሠዓሊዎች ሥራ ገዝተው ለአባላት በዕጣ ያከፋፍሉ ነበር። ዛሬ ጀርመን ውስጥ 300 ገደማ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ፤ ብዙዎቹም ስማቸውን ሰምተን በማናውቃቸው ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ናቸው። የአባል መዋጮ ትንሽ ነው። ግን የአንድ ለጋሽ ገንዘብ ያመጣው ጋለሪ ለጋሹ ሲሄድ ይዘጋል፤ በብዙ ሰው መዋጮ የቆመው ግን ጥቂቱ ቢቀር ጥቂቱ ይይዘዋል። ደግሞ ነፃ ነው። ፈንድ ለማግኘት ሲባል የሠዓሊውን ሥራ ከፕሮፖዛሉ ጭብጥ ጋር ለማስማማት ሲጎተት አይቻለሁ። በዚህ ዓመት ጭብጡ ውኃ ነው ሲባል ሁሉም ውኃ ይሥላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስደት ሲሆን ሁሉም ስደት። ሠዓሊው የያዘው ሐሳብ ግን በበጀት ዓመት አይለካም፣ አንዳንዱ አሥር ዓመት ይፈጃል።

ወዳጅ ነኝ ብዬ የማልፈው ጉድለትም አለ። ትንሽ ቦታ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ስለዚህ ማን ያሳይ የሚለው ውሳኔ በቀላሉ የጓደኛሞች ጉዳይ ይሆናል። ዘንድሮ አንተ፣ ለከርሞ እኔ። በዚያ ላይ ከክበቡ ውጭ ያለ ሰው በሩ የት እንደሆነም አያውቅም። ኒውዮርክ ውስጥ በ1972 የተመሠረተው አርቲስትስ ስፔስ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ጋለሪ ለዚህ ያደረገው ነገር ደስ ይለኛል። ጋለሪ የሌላቸው ሠዓሊዎች የሥራዎቻቸውን ስላይድ (በፕሮጀክተር የሚታይ የፊልም ፎቶ) የሚያስገቡበት መዝገብ ከፈተ፤ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሰው መጥቶ ያያል። ያኔ ስላይድና መሳቢያ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ፎቶና በአንድ ፎልደር ይሠራል፣ ምንም የሚያስወጣ ነገር የለውም። ለሕዝብ የሚወጣ ጥሪ፣ ሌላ ቦታ ያለ ሰው የተካተተበት የመራጮች ቡድን፣ ለተጣለው ሠዓሊ ለምን እንደተጣለ አጭር መልስ፤ ይህን ያህል ማንም ጋለሪ ሊያደርግ ይችላል። የማመልከቻ ክፍያ የሚባለውን ነገር ግን አልቀበለውም። የተጣሉት መቶ ሰዎች ባዋጡት የተመረጡት አሥር የሚታዩበት አሠራር ድጋፍ አይባልም።

ሌላ ማንም የማያወራለት ሥራ ደግሞ መዝገብ መያዝ ነው። ኤግዚቢሽን ወርዶ ግድግዳው ሲቀባ ምን ቀረ? ጥሩ ፎቶ ከሌለ፣ የሥራዎቹ ርእስ፣ ልክ፣ ዓመትና ማቴሪያል ካልተጻፈ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ገጽ እንኳ ስለ ሥራው ካልጻፈ በቃ፣ አልነበረም። ነገ ተመራማሪ ቢመጣ፣ ሙዚየም ቢጠይቅ፣ ሠዓሊው ራሱ ለሌላ ዕድል ቢያመለክት የሚያሳየው ነገር የለም። በትልልቅ ከተሞች ይህን የሚሠራ ጋዜጣም፣ ሃያሲም፣ ዩኒቨርሲቲም አለ። ከዚያ ውጭ ያለው ሠዓሊ ያለው ጋለሪው ብቻ ነው። ቀጭን ካታሎግ ትበቃለች። ከመክፈቻው ምሽት መስተንግዶ ላይ ቀንሶ ለአንድ ጥሩ ፎቶ አንሺና ለአንድ ጸሐፊ መክፈል ቢቻል ሠዓሊው ለዓመታት ይጠቀምበታል።

ሠዓሊ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሥራችሁን ከመስጠታችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ክፍያው ስንት ነው? ማጓጓዣውን ማን ይችላል፣ መሄጃውንም መመለሻውንም? በጋለሪው ውስጥ እያለ ቢጎዳ ኢንሹራንስ አለው? ከተሸጠ ኮሚሽኑ ስንት ነው፣ ገንዘቡስ በስንት ቀን ይደርሳችኋል? ፎቶውን ለምን ለምን ይጠቀሙበታል? ያልተሸጠው መቼ ይመለሳል? ይህን ስትጠይቁ ፊቱን የሚያጠቁር ጋለሪ ካጋጠማችሁ ቀድማችሁ ማወቃችሁ ይሻላል። ደህናው ቦታ ወረቀቱን ራሱ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ።

ሠዓሊ ያልሆናችሁ ደግሞ ከመክፈቻው ምሽት ይልቅ በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ። በመክፈቻው ምሽት ሰው እንጂ ሥዕል አይታይም። በአዘቦት ቀን ግን በር ላይ ያለውን ሰው «ይህ ሥራ እንዴት ተሠራ?» ብላችሁ ብትጠይቁት አንድ ሰዓት ያወራችኋል፤ እኔም አወራለሁ። ሥዕል ለመግዛት አቅም ከሌለ የኅትመት ሥራ፣ ንድፍ፣ ካታሎግ አለ። አባልነት ካለ አባል ሁኑ። ስትወጡ ደግሞ በሩ አጠገብ ባለው የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ስማችሁንና የመጣችሁበትን ቦታ ጻፉ። ድጎማ የሚሰጡት ክፍሎች በየዓመቱ መጨረሻ ስንት ሰው መጣ ብለው ይጠይቃሉ፣ የምናቀርብላቸውም ያንን መዝገብ ነው።